ከቅጥሩ ውጭ የቆሙ ሴቶች

ቄስ ወልደኢየሱስ ሚስታቸውን መጠርጠር የጀመሩት በፍልሰታ ጾም፣ ጥና ይዘው በሴቶቹ በኩል ሲያልፉ ነው። እንኳየሁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቆመችባት ቦታ፣ ከደቡቡ በር አጠገብ ካለችው ዓምድ ሥር፣ ባዶዋን ነበረች። አሟት ይሆናል ብለው አለፉ። በማግስቱም ባዶ ናት። በሦስተኛው ቀን ቅዳሴ ወጥተው ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ከቅጥሩ ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማ አገኟት።

እንግዲህ በጎንደር የደብር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሴት አበባዋ ላይ ስትሆን ቅጥር አትገባም፤ ከውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ምነው ብሎ የሚጠይቃትም የለም። ሰባት ቀን ነው፣ ያልፋል። የእንኳየሁ አበባ ግን ከቆመ አምስት ዓመት አልፎታል። ይህን ባሏ ካላወቁ ማን ሊያውቅ ነው? ታዲያ አበባዋ የቆመ ሴት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ምን ያስቀራታል? ቄስ ወልደኢየሱስ አሰቡ፣ አሰቡና አንድ መልስ ብቻ አገኙ። ኃጢአት። ሌላ መልስ ሊኖር እንደሚችል እንኳ ትዝ አላላቸውም። ያ ሁሉ የዜማ ምልክት የሚያውቅ ራስ እኮ ነው! አይ፣ የሰው ነገር።

ነገሩ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። የቄስ ጋብቻ በቁርባን ነው። ሚስቱ ከሌላ ወንድ ከደረሰች ቁርባኑ ፈረሰ፤ ቁርባኑ ከፈረሰ ደግሞ ቅስናው አብሮ ሄደ። መስቀሉን አስቀምጦ ከመቅደስ ይወጣና እንደ ማንኛውም ሰው ከውጭ ይቆማል። ቄስ ወልደኢየሱስ ከመቅደስ ውጭ ሌላ ሥራ አያውቁም። አርሰው አያውቁ፣ ነግደው አያውቁ። ስለዚህ ሚስታቸውን አንድ ነገር ከመጠየቃቸው በፊት መሰለል ጀመሩ።

የሚሰልል ሰው ደግሞ የሚፈልገውን አያጣም። በመስከረም ሽቶ መጣ። በዕድሜዋ ከቅቤ በቀር ሌላ ቅባት የማታውቅ ሴት፣ አራዳ ካለው የዓረብ ሱቅ ሽቶ ገዛች። ጉያዋ ውስጥ አሪቲ ትወሽቃለች፣ መቀነቷ ላይ ጠጅ ሳር ታስራለች። ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ሳይነሣ፣ ልብሷን ይዛ አንገረብ ወንዝ ወርዳ ብቻዋን ታጥባለች። ከመኝታም ከራቀች ሰንብታለች። «ወገቤን» ትላለች። ቄሱ ሁሉንም ልብ ይላሉ፣ ምንም አይናገሩም፣ በልባቸው ግን ይመዘግባሉ።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ ሽቶ?» አሏት አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ።

«ለራሴ ነው» አለች፤ ፊቷ ግን ቲማቲም መሰለ።

ለራሷ! በአርባ ሰባት ዓመቷ! የዚያን ቀን ቄሱ ምሳ አልበሉም።

ከዚህ በኋላ ነው ጎረቤታቸው አየለች የመጣችው። አየለች ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ለአፍታ የማያርፍ ሴት ናት። ጥቅምት ገብቶ ነበር። ቄሱ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሳለ መስቀላቸውን ተሳለመችና ዝቅ ብላ፦

«አባ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች።

«ተናገሪ።»

«ትናንት ከወይራዋ ሥር ከእንኳየሁ ጋር ቆመን ሳለ ያ ድሬሰሩ ፋንታሁን መጣ። ለብቻዋ ጠርቶ በጆሮዋ ተናገራት። ወረቀትም ሰጣት መሰለኝ። እኔ ምን አገባኝ፣ ዘወር አልሁ።»

ዘወር ያለች ሴት ይህን ሁሉ እንዴት እንዳየች አንድዬ ይወቅ። ፋንታሁንን ግን የማያውቀው አልነበረም። ሐኪም ቤት የሚሠራ፣ ጠጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ጥቁር ቦርሳውን ከቢስክሌቱ ላይ አስሮ ሰፈር ለሰፈር መርፌ የሚወጋ ሸጋ ጎረምሳ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪም ቤት በር ላይ የታየ ሰው ሁሉ የቂጥኝ መርፌ ሊወጋ ነው ይባል ነበር። ሰው ጉንፋን እንኳ ቢይዘው ተደብቆ ነበር የሚሄደው። ቄሱ የሰሙት ስም ከሐኪም ቤት ጋር ሲገናኝባቸው ደማቸው ፈላ።

በሳምንቱ ረቡዕ እንኳየሁ «ጨው ልገዛ ቅዳሜ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። ቄሱ ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን እንደ ባላገር ተከናንበው ከኋላዋ ተከተሉ። የገበያውን መንገድ ትታ ታጠፈች። በሐኪም ቤቱ ጓሮ በኩል ዞረች። የጓሮውን በር ከውስጥ የከፈተላት ፋንታሁን ነው። ቄሱ ባሕር ዛፍ ተደግፈው ጠበቁ። ብዙ ቆይታ ወጣች። ግድግዳውን እየያዘች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነው የምትሄደው።

ወዳጁ ጋ የሄደ ሰው እያለቀሰ ይወጣል እንዴ? ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይጠይቅ ነበር። ቄስ ወልደኢየሱስ ግን «ኃጢአቷ ነው የሚያስለቅሳት» ብለው ወደ ቤት ቀደሟት።

እሷ ሳትደርስ ሙዳይዋን በረበሩ። ከክር ጥቅልሉ ሥር አራት እጥፍ ሆኖ የታጠፈ አንድ ወረቀት አገኙ። ማኅተም አለበት። ከላይ እስከ ታች በፈረንጅ ፊደል በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ነው፤ ከእሱ አንዲት ቃል አላነበቡም። ከግርጌው ግን በእጅ፣ በአማርኛ እንዲህ ይላል። «ኅዳር ፲ ቀን ጧት በጓሮ በር ነይ። ማንም አያይሽም። ይህን ወረቀት ይዘሽ ነይ፣ ያለዚህ አያስገቡሽም። ፋንታሁን።»

ቄሱ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን የጸሎት መጽሐፋቸው ማኅደር ውስጥ፣ ከቆዳውና ከመጽሐፉ መካከል ወሸቁት። ሚስታቸው የባሏን የጸሎት መጽሐፍ በእጇ ነክታ አታውቅም።

እንኳየሁ ወረቀቱን መፈለግ የጀመረችው በማግስቱ ነው። ሙዳዩን ገለበጠች። አልጋውን አነሣች። ከጎታው ሥር በእጇ ዳሰሰች፣ ዱቄቱን ሳይቀር በወንፊት ነፋች። ቄሱ ከመደባቸው ላይ ተቀምጠው፣ ማኅደሩን በትከሻቸው አንግተው ያዩዋታል።

«ምን ጠፋሽ?»

«ኧረ ምንም።»

ደስ አላቸው። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ደስ አላቸው። ውሸቷን በእጃቸው የያዙ መሰላቸው።

ኅዳር አሥር ደረሰ። ቄሱ ከንጋት ጀምሮ በርጩማቸውን ይዘው ከደፉ ላይ ተቀመጡ። እንኳየሁ ታጥባ፣ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወዴት ነው?» አሏት።

«ዛሬን ብቻ ይልቀቁኝ።»

«ምነው ዛሬን ብቻ? ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ነጠላዋን አጣፍታ በጎናቸው ልታልፍ ሞከረች።

«ተናገሪ እንጂ! ዛሬ የሚጠብቅሽ ማን ነው?»

ወደ ውስጥ ገባች፣ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠች። ቄሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከደፉ ላይ አልተነሡም። የዚያን ቀን አንድ ትልቅ ነገር ያዳኑ መስሏቸው ነበር። ክህነታቸውን፣ ቤታቸውን፣ ስማቸውን።

በሁለተኛው ቀን የኅዳር ሚካኤል ነው። ሽማግሌውን የንስሐ አባታቸውን አባ ሐብተ ማርያምን ይዘው እንኳየሁን ወደ ደብሩ ወሰዷት። ሕዝቡ ተበትኗል። ነገሩ አጭር ነው፤ ገብታ በታቦቱ ፊት ትምላለች፣ ከማለች ንጹሕ ናት፣ ነገሩም አበቃ። ከበሩ ሲደርሱ እንኳየሁ ቆመች።

«ግቢ» አሏት ቄሱ።

«እምላለሁ። በፈለጉት እምላለሁ። ግን ከዚሁ ከውጭ ያስምሉኝ።»

«ምነው ልጄ?» አሉ አባ ሐብተ ማርያም፣ ለስለስ ብለው።

እንኳየሁ መሬት መሬት አየች። «ከዚህች ደፍ አላልፍም አባቴ። አያስገድዱኝ። ማለፍ አልችልም።»

«ይኸው! በጆሮዎ ሰሙ!» ቄሱ ጮኹ። «በሐሰት ብትምል እንደሚቀሥፋት አውቃ ነው!»

አባ ሐብተ ማርያም ረጅም ጊዜ አዩዋትና፣ «እስከ ዐቢይ ጾም ነገሩ ይብረድ፤ እስከዚያ አትፍረድ» አሉ። ቄስ ወልደኢየሱስ ግን በልባቸው ፈርደው ጨርሰው ነበር። ዳኛው የሚባለው ወንድሟ ከእንፍራንዝ በቅሎ ይዞ መጣና ወሰዳት። ስትሄድ ዞር ብላ አላየችም። በቅሎዋ ላይ የተቀመጠችው በአንድ ጎኗ ተንጋዳ ነው። ኮርቻ እንኳ አላስቀምጥ አላት።

ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ከሐኪም ቤቱ አንዲት ነርስ ወደ ደብሩ መጣች። ሐረገወይን ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ነጭ በነጭ ለብሳለች። አባ ሐብተ ማርያም ፈቅደውላት ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራዋ ሥር ሰበሰበቻቸው። ወንዶቹ ዘወር እንዲሉ ጠየቀች። ቄስ ወልደኢየሱስም ዘወር አሉ፣ ግን ከቅጥሩ ግንብ ውስጥ በኩል ሆነው ጆሯቸውን ጣሉ። ያ ፋንታሁን አብሯት ይኖራል፣ ዛሬ በሕዝብ ፊት ወረቀቱን አወጣበታለሁ ብለው ነው። ማኅደሩ ከትከሻቸው ላይ ነው።

ፋንታሁን አልነበረም። የነርሷ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ዛሬ የማወራው ስለ ማኅፀን ነው። አትፈሩ፣ አትሽኮርመሙ።» ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ አንዳንዷ ሳቀች። «አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ከባሏ ጋር ካደረች በኋላ የሚደማት ሴት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የመጣባት፣ ወገቧን የሚቆርጣት ሴት፣ ቶሎ ትምጣ። የማኅፀን ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። እርግማን አይደለም። ልክስክስነትም አይደለም። ገና በጧቱ ከተደረሰበት በኦፕራሲዮን ይወጣል። ከቆየ ግን እኛም እጃችንን አጣጥፈን ነው የምናየው።»

«ከምን ይመጣል?» አለች አንዲት ሴት፣ በጭንቅ የሚሰማ ድምፅ።

«ሥሩን ሐኪሞቹ ገና አልጨረሱትም። ያወቁት ግን አለ። በሕፃንነታቸው በተዳሩት፣ ሰውነታቸው ሳይጠና በወለዱት ላይ ይበዛል። ባል ውጭ ውጭ ሲል የሚያመጣው በሽታም ለማኅፀን ደግ አይደለም። ስለዚህ ልጆቻችሁን ሳይደርሱ አትዳሩ፣ ባልና ሚስትም ይተማመኑ። ዋናው ግን አትደብቁት።»

ቄስ ወልደኢየሱስ ግንቡን ያዙ። ሽታ። ወገብ። ከመኝታ መራቅ። ጎህ ሲቀድ የሚታጠብ ልብስ። በልባቸው የመዘገቡት ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን ሌላ መልክ ይዞ። ደግሞ ሌላም ትዝ አላቸው። ዲያቆን ድንግል ማግባት አለበትና፣ እንኳየሁን የዳሩላቸው በአሥር ዓመቷ ነው። ሚዜው በጀርባው አዝሎ ሲያመጣት እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ቀን አምጣለች። እሳቸው ይህን ሁሉ ዘመን ሲኮሩበት የኖሩት ንጽሕናዋ ነበር።

ሴቶቹ ሲበተኑ ወደ ነርሷ ሄዱ። መስቀላቸውን ተሳለመች። ከማኅደሩ ወረቀቱን አወጡ። አሁን እንኳ በልባቸው ጥግ ያቺ ጥርጣሬ አልሞተችም፤ እንደ ተመኙት የወዳጅ ደብዳቤ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሰው ሚስቱ አመንዝራ እንድትሆን ሲመኝ!

«ልጄ፣ ይችን አንብቢልኝ።»

ሐረገወይን ሁለት መስመር እንዳነበበች ቀና አለች።

«ይህን ከየት አገኙት? ይችን ሴት እኮ ስፈልጋት ከረምሁ! የነገረችን የሰፈር ስም ውሸት ነበር፤ ፋንታሁንም ከዚህ ወይራ ሥር ተመላልሶ አጣት። ኅዳር አሥር ኦፕራሲዮን የሚሠራው ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥቶ ሲጠብቃት ዋለ። ፋንታሁን እስኪመሽ ከጓሮው በር አልተንቀሳቀሰም። 'የትልቅ ሰው ሚስት ነኝ፣ ሰው ካየኝ ባሌ ይዋረዳል' ብላ ለምናን ነው ለምርመራ ስትመጣ በጓሮ እናስገባት የነበረው። የት ናት?»

«ምን ይላል ወረቀቱ?»

«ነቀርሳው ገና ከማኅፀን አፍ እንዳልወጣ፣ ሳይውል ሳያድር መቀደድ እንዳለባት ይላል።» ነርሷ የወረቀቱን ቀን በጣቷ ነካች። «መቼ እንደ ነበር ያያሉ። አንቱ ማን ነዎት?»

«ባሏ» አሉ ቄሱ።

ሐረገወይን ወረቀቱን አየች፣ ማኅደሩን አየች።

በማግስቱ በጭነት መኪና ላይ ወጥተው እንፍራንዝ ወረዱ። እንኳየሁ በዳኛው ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለ መደብ ላይ ተኝታለች። ያቺ ሙሉ ሴት የሕፃን ያህል ሆናለች። ሽቶው የለም። ሽታው ግን ከደጅ ይቀበላል። ዳኛው ሰላም ሳይላቸው ወጣ።

ቄሱ ከመደቡ ሥር ተንበርክከው ወረቀቱን ከጎኗ አስቀመጡት። እንኳየሁ አንሥታ ገለበጠችው። እጥፉን፣ ማኅተሙን አወቀችው።

«የት ነበር?»

«እኔ ዘንድ።»

«ስፈልገው...» አለችና ትንፋሽ አጠራት። «ዱቄቱን ሳይቀር ስነፋ አዩኝ?»

«አየሁሽ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ቄሱ ብትረግማቸው ደስ ባላቸው።

«ምነው አልነገርሽኝ?» አሉ እያለቀሱ።

«ምን ብዬ? ደሜ አልቆም አለ ብዬ?» አለች። «መጀመሪያ ያየሁት ከአንቱ ጋር ባደርሁ ማግስት ነው። ሳላውቅ አረክሼዎት፣ እንደዚያ ሆነው መቅደስ ገብተው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ከነገርኩዎት ቅዳሴ ይተዋሉ አልሁ። ወረቀቱ ሲጠፋ ደግሞ፣ እመቤቴ ናት የወሰደችብኝ፣ ቅጣቴን እንድቀበል ነው ብዬ ተውሁት። አንቱን እንዴት ልጠርጥር?»

ቄስ ወልደኢየሱስ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣቸው ወደዱ።

ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ በፊት ለፊቱ በር። ፋንታሁን አልጋውን በአንድ በኩል ያዘ፣ ቄሱ በሌላው። ሐኪሙ አያትና ቄሱን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ ሐረገወይን እየተረጎመች ነገራቸው። ተሰራጭቷል። የሚቀደድ ነገር የለም። ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት እንሰጣታለን፤ ምናልባት ፋሲካን ታይ ይሆናል።

እንኳየሁ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ቅዳሴ ልስማ አለች። አባ ሐብተ ማርያም «የታመመ ሰው ነው፣ ትግባ» ቢሉም እሷ እንቢ አለች፤ እንደዚህ ሆኜ ደፉን አልሻገርም ብላ። በዐቢይ ጾም መግቢያ እሑድ ከወይራዋ ሥር ቁርበት አንጥፈው አስቀመጧት።

የዚያን ዕለት ከመቅደስ አንድ ቄስ ጎደለ። ቄስ ወልደኢየሱስ ጥምጥማቸውንና መስቀላቸውን ለአባ ሐብተ ማርያም አስረክበው፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከሚስታቸው ጎን፣ ከሴቶቹ መካከል ቆመዋል። ሰው እየዞረ ያያል። ምን ሠርቶ ይሆን? ቁርባኑ ፈርሶ ነው? ሹክሹክታው ከቅጥሩ በር እስከ ወይራዋ ይሰማል። አየለችም ከዚያው ከወይራዋ ሥር ሆና ለጎረቤቷ አንድ ነገር ሹክ አለች።

ቄሱ ዞሩ።

«ደም ነው» አሉ ጮክ ብለው። በጎንደር ምድር ቄስ የሴትን ደም እንዲህ በሰው ፊት ሲናገር የሰማ አልነበረም። «ሚስቴ ደም ነው የሚፈሳት፤ የማኅፀን ነቀርሳ ነው። ያች ነርስ እንዳለችው ገና በጧቱ ደርሳ ነበር። መዳኛዋን ወረቀት የደበቅሁት እኔ ነኝ። ከደጄ ተቀምጬ ያገድኋትም እኔ ነኝ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም። አሁን አውሩ!»

ከውስጥ የዲያቆኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እንኳየሁ ከተቀመጠችበት ሆና የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘች፣ ይብቃዎ እንደ ማለት። ቄሱ ከአጠገቧ ቁጭ አሉ።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበታተን አየለች አልሄደችም። ሰዉ ሁሉ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ቀረብ አለች፣ ከእንኳየሁ ማዶ ተንበረከከች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አባ» አለች፣ ያች ሁሉ ምላስ ጠፍታ። «ያች ነርስ... ተመልሳ የምትመጣው መቼ ነው?»

ቄስ ወልደኢየሱስ አዩዋት። ያኔ በጥቅምት «ከወይራዋ ሥር ቆመን ሳለ» ያለቻቸው ትዝ አላቸው። አየለች ከእንኳየሁ በዕድሜ ትበልጣለች። ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ እሑድ በእሑድ፣ ከዚህች ወይራ ሥር ምን ስትሠራ እንደከረመች አንድም ሰው፣ እሳቸውም ጭምር፣ ጠይቋት አያውቅም።

እንኳየሁ እጇን ዘርግታ የአየለችን እጅ ያዘች።

«እሷን አትጠብቂ» አሉ ቄሱ። «ነገ ጧት እኔ ራሴ እወስድሻለሁ። የምንገባውም በፊት ለፊቱ በር ነው።»